ምስር፣ ምድጃና የበር ቀዳዳ፦ የቪዲዮ ቅርጽና ስሞቹ ከየት መጡ?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አሮጌ የሠርግ ካሴት በጨርቅ ጠቅልለው ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው የሥራ ክፍሌ መጡ። ሥራዬ ያረጁ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ በፍላሽ ለባለቤቶቻቸው መመለስ ነው። እኚህ እናት ግን ከካሴቱ ጋር አንድ ሲዲም አወጡ።

«ይህን ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስገልብጬው ነበር» አሉኝ። «ልጆቼ ሲያዩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ ውስጥ ያለችው ሙሽራ እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት እትዬ?»

«እኔ ያን ጊዜ መቃ ነበርኩ ልጄ። ይቺ ድፎ ዳቦ ናት።»

ሲዲውን ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሙሽራዋ ብቻ ሳትሆን ሁሉም ሰው ወፍሯል፤ የሚዜዎቹ ትከሻ ሰፍቷል፣ ሽማግሌዎቹ ያጠሩ መስለዋል፣ የመሶቡ ክዳን ተለጥጧል። በአበባ ያጌጠው የሙሽሮቹ መኪና ወደ ግቢው ሲገባ ጎማው ክብ መሆኑ ቀርቶ የተጋደመ እንቁላል ሆኗል። ምስሉ ምን እንደደረሰበት የነገረኝ ያ ጎማ ነው። አንድ ምስል ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፊት አላይም፤ ፊት ያታልላል። ክብ ነገር እፈልጋለሁ፦ ጎማ፣ ሳህን፣ የግድግዳ ሰዓት። ክቡ ክብ ካልሆነ ሰውየውም ራሱን አይመስልም።

ስሕተቱ የተፈጠረው የድሮው ምስል ከአዲሱ ቴሌቪዥን ቅርጽ ጋር ስላልገጠመ ተጎትቶ እንዲሞላ በመደረጉ ነው። ይህንን ላስረዳቸው ስሞክር አፌ ላይ የመጡት ቃላት ሁሉ የውጭ ሆኑብኝ፦ አስፔክት ሬሾ፣ ሌተርቦክስ፣ አናሞርፊክ፣ ፒክስል። ቀን ከሌት የምጠራቸው ቃላት ናቸው፤ ግን እንደ ታሸገ ዕቃ ተቀብዬ እንደ ታሸገ ነበር የማቀብላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ስፈታቸው ከውስጣቸው የወጣው የቤት ዕቃ ነው፦ ምስር፣ ምድጃ፣ ጓዳ፣ የበር ቀዳዳ። ስማቸው ሲፈታ ሥራቸውም አብሮ ይገለጣል። ይህ ጽሑፍ ያን ፍቺ ለማካፈል የተጻፈ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስፔክት ሬሾ ከሁለት የላቲን ቃላት የመጣ ነው። የመጀመሪያው እይታ ወይም መልክ፣ ሁለተኛው ስሌት ማለት ነው። በአማርኛ የወርድና የቁመት ምጥጥን እንበለው። 4 ለ3 የሚባለው ምስል ወርዱ 4 ስንዝር ቢሆን ቁመቱ 3 ስንዝር የሚሆን ነው። ስንዝሩ የሕፃን ይሁን የጎልማሳ፣ ምስሉ በእጅ ስልክ ላይ ይታይ በሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ለውጥ የለውም። ምጥጥን ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ መጠን አይናገርም። ከኋላው ሆዱ የተቆዘረው የድሮ ቴሌቪዥን 4 ለ3 ነበር፤ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስስ ቴሌቪዥን 16 ለ9 ነው።

ለሁለቱ እኩል ቁመት ብንሰጣቸው ልዩነታቸው ይታያል። ቁመቱ 9 ሲሆን የድሮው ወርድ 12፣ የአሁኑ ወርድ 16 ይሆናል። ስለዚህ የድሮውን ምስል ጎትቶ አዲሱን ስክሪን ማስሞላት ማለት 12 የነበረውን 16 ማድረግ ነው። የሁሉም ነገር ወርድ በሲሶ ይጨምራል፤ ቁመቱ ባለበት ይቀራል። የትከሻዋ ስፋት 36 ሳንቲሜትር የነበረ ሙሽራ 48 ሳንቲሜትር ትከሻ ይኖራታል። መቃዋ ድፎ ዳቦ የሆነችው በዚህ ስሌት ነው።

4 ለ3 ራሱ ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ከቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ዊሊያም ዲክሰን የተባለ የኤዲሰን ባልደረባ ከጆርጅ ኢስትማን ፋብሪካ የመጣውን 70 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ፊልም ለሁለት ሰንጥቆ 35 ሚሊሜትር አደረገው። ጥርስ ያለው መዘውር እየያዘ እንዲስበው በሁለቱም ጠርዝ ቀዳዳ በሳበት። በቀዳዳዎቹ መካከል በተረፈው ቦታ ላይ ወርዱ 1 ኢንች፣ ቁመቱ ሦስት ሩብ ኢንች የሆነ ምስል አሳረፈ፤ ለአንዱ ምስል በየጎኑ 4 ቀዳዳ። 1 ኢንች በሦስት ሩብ ኢንች ማለት 4 ለ3 ነው። ይህን ቅርጽ ተፈጥሮ አላዘዘውም፤ አንድ ባለሙያ መቁረጫ ይዞ የወሰነው ነው። ሆኖም የዓለም ሲኒማ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ኖረ።

ፊልም የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ስስ ቆዳ፣ በሥጋ ላይ ያለ ሽፋን ማለት ነበር። ይህ ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አሳስቶ ብራና የሚያደርግ ሰው ያየ፣ በስስ ቆዳ ላይ ቃልና ሥዕል ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ያቺ ሦስት ሩብ ኢንች ቁመት ያላት ምስል 16 ጊዜ ስትደረደር ልክ 12 ኢንች ትሞላለች፤ በእንግሊዞች ልክ አንድ ጫማ፣ በቋንቋቸው ደግሞ አንድ እግር። ስለዚህ ሲኒማ ሠሪዎች የቀረጹትን በርዝመት ይቆጥሩት ነበር። በሰከንድ 24 ምስል ሲያልፍ አንድ ደቂቃ 90 ጫማ ፊልም ይፈጃል። ዛሬ ኤዲተሮች ያልተቆረጠውን ጥሬ ቀረጻ ሁሉ ፉቴጅ የሚሉት ከዚያ በመነሣት ነው፤ በእግር የተለካ ማለት ነው። ሸማኔ ሸማውን በክንድ እንደሚለካው ሁሉ፣ ይህ ሥራ በእኛ አገር ተፀንሶ ቢሆን «ስንት ክንድ ቀረጽህ?» እንባባል ነበር። ፍላሽ ውስጥ ያለ ምስል በእግርም በክንድም አይለካም፤ እግሩ ግን በቃሉ ውስጥ ቀርቷል። ትሬለርም እንደዚሁ ነው። ከፊልሙ በፊት የሚታይ ማስታወቂያ ስሙ ተጎታች የሆነው መጀመሪያ ላይ ከፊልሙ በኋላ ይታይ ስለነበር ነው፤ ከጭነት መኪና ኋላ እንደሚቀጠለው ተሳቢ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የሌንስ ነገር ነው። ሌንስ በላቲን ምስር ማለት ነው። በወጥ የምናውቀው ያው ምስር። በዐረብኛም የሌንስ ስም ከምስር ስም የወጣ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ከጓዳ አንዲት ድፍን ምስር አምጥቶ በሁለት ጣት ይዞ በጎን ማየት ይበቃል። መሐሏ ወፍራም፣ ዳሯ ስስ፣ ሁለቱም ፊቷ ጎበጥ ያለ ነው። የማጉያ መነጽር ቅርጽ ይህ ነው። አሁን ደግሞ አንድ የምስር ክክ ውሰዱ። አንዱ ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ፊቱ ለጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለም ሌንስ አለ፣ በብዙ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። የብርሃን ትምህርት ሲማሩ በሥዕል ብቻ የሚያዩትን ሁለት የሌንስ ዓይነት እናቶቻችን በሰፌድ ላይ ሲለቅሙ ኖረዋል። ለተማሪዎች ትምህርቱ ከዚያ ሰፌድ ቢጀመርላቸው ደስ ይለኛል።

የምስሩ ጉብታ ሥራው ብርሃንን ማጠፍ ነው። በመስተዋቱ ዳር የገባው ብርሃን ወደ መሐል ይታጠፋል፣ በመሐል የገባው ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛል። ያ መገናኛ ፎከስ ይባላል። ፎከስ በላቲን ምድጃ ነው። ቃሉን ለዚህ ሙያ ያዋለው ዮሐንስ ኬፕለር ነው፤ በ1604 ባሳተመው ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፉ። በማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስቦ ወረቀት ያቃጠለ ልጅ ሁሉ ስሙ ለምን እንደተስማማው ያውቃል፤ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ እሳት የሚነድበት ነው። ቤተሰብም የሚሰበሰበው ምድጃ ዙሪያ ነው። የካሜራ ባለሙያ «ፎከስ አድርግ» ሲባል፣ ቃሉን በጥንተ ፍቺው ብንወስደው፣ «ምድጃውን ፈልግ» ተብሏል።

ካሜራ ደግሞ ክፍል፣ ጓዳ ማለት ነው። ሙሉ ስሙ ካሜራ ኦብስኩራ ነበር፦ ጨለማ ክፍል። ከካሜራ በፊት የነበረው ካሜራ በእውነትም ክፍል ነው። በልጅነቴ የተኛሁበት ቤት የእንጨት መስኮት መዝጊያ ነበረው፤ በመዝጊያው ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ፀሐይ መንገዱን በሚመታበት ሰዓት መስኮቱ ተዘግቶ ቤቱ ሲጨልም፣ በፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ላይ መንገደኛው ተገልብጦ ይሄድ ነበር። እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች። አህያዋም ከነጭነቷ ተገልብጣ ትከተለው ነበር። የዚህ ምክንያቱ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው፤ ከራሱ የተነሣው ጨረር በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከእግሩ የተነሣው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የኖረው ኢብን አል ሃይሰም መርምሮ ጽፎታል። ክፍሉን አሳንሳችሁ ሣጥን አድርጉት፣ ቀዳዳው ላይ ምስሩን ግጠሙለት፣ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ስሱን ቆዳ ዘርጉበት፤ ካሜራ ሆነ ማለት ነው።

የእኛም ቃላት ቢፈቱ እንዲሁ ይናገራሉ። «ቀረጻ» የምንለው ቀረጸ ከሚለው ግስ ነው፤ በእንጨትና በድንጋይ ላይ መፈልፈል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በድምፅ ሲልኩ፣ ድምፃቸው በመርፌ ጫፍ በሰም ላይ ተፈልፍሎ ነበር። ያኔ ቃሉ ሥራውን እንዳለ የሚገልጽ ነበር። ደግሞም «ቅርጽ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። በአማርኛ ቀረጻና ቅርጽ እኅትማማቾች ናቸው፤ ቅርጹን ያበላሸ ቀረጻውን አበላሸ ለማለት ከዚህ የተሻለ ቋንቋ አላውቅም። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ያ ስም በጨለማ ክፍል ውስጥ የማይጨበጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ያየ ሕዝብ የሰጠው የድንጋጤው ምስክር ነው።

ወደ ቅርጹ ልመለስ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም መናገር ጀመረ። ድምፁ የሚጻፍበት ቀጭን መስመር ከምስሉ ጎን ቦታ ስለወሰደ ምስሉ ጠበበና ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት ተጠጋ። ስለዚህ በ1932 በሆሊውድ ያለው የፊልም አካዳሚ 1.37 ለ1 የሆነ መጠን ወሰነ፤ ከድሮው ብዙም አይርቅም። ቴሌቪዥን ሲመጣ የሲኒማውን ቅርጽ ወርሶ 4 ለ3 ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1964 ስርጭት ሲጀመርም ቅርጹ ይኸው ነበር።

ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱ ሲቀመጥ ሲኒማ ቤቶች ባዶ መቅረት ጀመሩ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ መልሱ ስፋት ሆነ፤ በሳሎን ሣጥን ውስጥ የማይገባ ስፋት። በ1952 ሲኔራማ በሦስት ማሳያ መሣሪያ አንድ ትልቅ ጎባጣ ስክሪን ሞላ። በ1953 ሲኔማስኮፕ መጣ፤ ወርዱ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፊልሙ ያው 35 ሚሊሜትር ነው፤ ያን ሁሉ ስፋት የት አገኘ?

መልሱ የተገኘው ሄንሪ ክሬትየን ከተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው። ክሬትየን በ1920ዎቹ የሠራው ሌንስ ምስሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ወርዱን በግማሽ ያሳንሰዋል። ፊልሙ ላይ ያረፈው ሰው መቃ ይመስላል። ሲታይ ደግሞ በማሳያው መሣሪያ ላይ ያለው ተቃራኒ ሌንስ መልሶ ይዘረጋውና ሰውየው ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህ አናሞርፊክ ይባላል፤ በግሪክኛ ቅርጽን እንደገና መሥራት ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ያለው «እንደገና» ዋናው ነገር ነው። የተጨመቀ ይዘረጋል፣ የተዘረጋ ይጨመቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ እውነቱ ይወጣል። የእኚያ እናት ምስል ግን ማንም ሳይጨምቀው ተዘረጋ። የግማሽ ሥራ ሰለባ ሆኑ።

ሰፊው ፊልም በጠባቡ ቴሌቪዥን መታየት ሲኖርበት ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው መጨመቅ ነው፤ ሁሉም ሰው ይከሳል። ሁለተኛው መቁረጥ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከጫፍና ከጫፍ ቆመው ሲነጋገሩ አንዱ ብቻ ይታያል፣ የሌላው ድምፅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሦስተኛው ምስሉን እንዳለ አሳንሶ ከላይና ከታች ጥቁር መተው ነው። ይህ ሌተርቦክስ ይባላል፤ የደብዳቤ ሣጥን።

ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ጎንደር ላይ ላደገ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እኛ የደብዳቤ ሣጥን የምንለው በጣሊያን ጊዜ በተሠራው የፒያሳ ፖስታ ቤት እንደምናያቸው ያሉ፣ ቁጥር የተጻፈባቸውና በቁልፍ የሚከፈቱ ሣጥኖችን ነው። ደብዳቤ ፍለጋ እኛ እንሄዳለን እንጂ ደብዳቤ ወደ እኛ አይመጣም። በእንግሊዝ ግን ፖስተኛው ከየቤቱ በር ላይ በተሠራች፣ ወደ ጎን ረዘም ብላ ከላይ ወደ ታች በጠበበች ቀዳዳ ደብዳቤውን ይጥላል። በዚያች ቀዳዳ ወደ ውጭ ያየ ሰው ከላይና ከታች ጨለማ፣ መሐል ላይ ሰፊ ቀጭን እይታ ያገኛል። ቃሉ ያችን የበር ቀዳዳ ነው የሚያሳየው። የዚህ ተቃራኒ፣ ጠባብ ምስል በሰፊ ስክሪን መሐል ቆሞ ጥቁሩ ግራና ቀኝ ሲሆን፣ ፒላርቦክስ ይሉታል፤ በእንግሊዝ መንገድ ዳር እንደ ምሰሶ ቆሞ ከሚታየው ቀይ የፖስታ ሣጥን የተወሰደ ነው። ለአንድ ባለሙያ ግን «ጥቁሩ ከላይና ከታች ይሁን» ወይም «ጥቁሩ ከግራና ከቀኝ ይሁን» ማለት ይበቃል። እኔ ከሰዎች ጋር እንዲህ ነው የምነጋገረው።

16 ለ9 የተወለደው በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ነው። በ1980ዎቹ የጠራ ምስል የሚያሳይ አዲስ ቴሌቪዥን ሲታቀድ ስንት ለስንት ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣ። የድሮው ሁሉ 4 ለ3 ነው፤ የሲኒማው አንዱ 1.85፣ ሌላው 2.35 ነው። ጃፓኖች 5 ለ3 ብለው ጀምረው ነበር። ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1984 ያደረገው ነገር መቀስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊደግመው የሚችል ነው፤ እኔም ደግሜዋለሁ።

ፓወርስ በጊዜው የነበሩትን ቅርጾች ሁሉ እኩል የቆዳ ስፋት ያላቸው አራት ማዕዘኖች አድርጎ ሣላቸው። ለምሳሌ ሁሉም 100 ካሬ ሳንቲሜትር ይሁኑ። የ4 ለ3 ቁራጭ 11.55 በ8.66 ሳንቲሜትር ይሆናል። የሰፊው የ2.35 ቁራጭ 15.33 በ6.52 ይሆናል። ሌሎቹ በሁለቱ መካከል ናቸው። አሁን ሁሉንም መሐል ለመሐል አጋጥማችሁ ደርቧቸው። ሁሉም ቁራጮች የሚጋሩት የመሐል ክፍል ወርዱን ከጠባቡ፣ ቁመቱን ከአጭሩ ያገኛል፦ 11.55 በ6.52። ሁሉንም በውስጡ የሚያቅፈው የውጭ ክፈፍ ደግሞ ወርዱን ከሰፊው፣ ቁመቱን ከረጅሙ ያገኛል፦ 15.33 በ8.66። የሁለቱንም ወርድ ለቁመታቸው አካፍሉ። የውስጡም 1.77፣ የውጩም 1.77 ይሰጣል።

መጀመሪያ ይህን ሳገኝ ስሌቱን የተሳሳትኩ መስሎኝ በማግስቱ እንደገና ለካሁት። አልተሳሳትኩም። ሁሉን የሚያቅፈውና ሁሉ የሚጋራው አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው። በዚህ ቅርጽ ስክሪን ላይ ጠባቡም ሰፊውም ፊልም ሲታይ፣ አንዱም ከሌላው ይልቅ እጅግ አይጎዳም፤ ጥቁሩ ለሁሉም በልክ ይደርሳል። ለ1.77 የሚቀርበው ቀላል ቁጥር 16 ለ9 ነው። 16 ማለት 4 በ4፣ 9 ማለት 3 በ3 መሆኑ ደግሞ ስሌቱን ያቀልላል፤ የድሮው ቅርጽ በራሱ ሲባዛ አዲሱን ይሰጣል ማለት ነው። ዛሬ ከጎንደር እስከ ቶኪዮ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ የዚያ ቅርጽ ነው። አንዱን ወገን ለማስደሰት ሌላውን ሳይገፋ የተገኘ ቅርጽ ስለሆነ አከብረዋለሁ።

ቴሌቪዥን ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የስክሪን መጠን የሚነገረው በኢንች ከጥግ እስከ ጥግ ነው፤ ልማዱ የቀረው የጥንቱ የምስል መስተዋት ክብ ከነበረበትና በመሐሉ ከሚለካበት ዘመን ነው። ግን ያው ኢንች ለሁለት ቅርጽ አንድ አይደለም። 32 ኢንች የሆነ የድሮ ቴሌቪዥን ወርዱ 25.6፣ ቁመቱ 19.2 ኢንች ነበር። 32 ኢንች የሆነ የአሁኑ ወርዱ 27.9፣ ቁመቱ 15.7 ነው። ሰፍቶ ቢታይም የቆዳ ስፋቱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ግንበኞች 3፣ 4፣ 5 እያሉ በገመድ ማዕዘን እንደሚያወጡ የምታውቁ፣ የ4 ለ3ን ጥግ ለጥግ ልክ ያለ ሒሳብ ታገኙታላችሁ፤ 5 ነው።

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ባለሙያዎችን ሳይቀር ይይዛል። ፒክስል የሚባለው ቃል «የምስል ቅንጣት» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ አጥሮ በ1965 ገደማ በጽሑፍ የወጣ ነው። ቅንጣቷ ሁልጊዜ ወርድና ቁመቷ እኩል ይመስለናል፤ በአገራችን የድሮው ቴሌቪዥንና ካሴት ይሠሩበት በነበረው፣ ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት ግን አይደለችም። ካሴቱ ሲገለበጥ በአግድም 720፣ በቁም 576 ቅንጣት ይሆናል። ብታካፍሉት 1.25 እንጂ 1.33 አይመጣም። ቅንጣቶቹ ትንሽ ወደ ጎን የተለጠጡ ስለሆኑ ነው ልዩነቱ። ኮምፒውተሩ እኩል ናቸው ብሎ ካሳያቸው ሙሽራዋ ትከሳለች። ስለዚህ ፋይሉን ስታዘጋጁ ወርዱን 768 ያህል አድርጋችሁ ቁመቱን 576 ተዉት፤ ያን ጊዜ 4 ለ3 ይመጣል። ከዚያ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ያለው የስክሪን ቅርጽ ምርጫ «ሙላ» ወይም «ዘርጋ» የሚል ላይ አለመሆኑን እዩ።

ስልክን ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። የፋሲልን ግንብ ከእነ እንቁላል ግንቦቹ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ስልኩን ቢያቆም ትክክል ነው፤ ግንቡ ወደ ላይ ነውና። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊም ጣሪያው ላይ የመላእክትን ፊት በረድፍ ሲደረድር የተከተለው የጣሪያውን ቅርጽ ነው። ጥምቀት ላይ ግን፣ ጥር 11 ቀን ጠዋት የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን በሕዝብ ተሞልቶ፣ ጸበሉ ተባርኮ ወጣቶቹ ከዚህም ከዚያም ወደ ውኃው ሲዘልሉ፣ ስልክ አቁሞ የሚቀርጽ ሰው ያን ሁሉ ስፋት ወደ አንድ ስንጥቅ ያስገባዋል። ያንን ምስል በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያየው የስክሪኑን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከመቅረጻችሁ በፊት ነገሩ ቁም ነው ወይስ አግድም ብላችሁ ጠይቁ፤ ስልኩን ማዞር የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው።

የእኚያን እናት ካሴት እንደገና ገለበጥኩት። የካሴት ማጫወቻውን አጸዳሁ፣ ቅርጹን 4 ለ3 አድርጌ፣ ግራና ቀኙን ጥቁር ተውኩ። ሲመጡ አሳየኋቸው። መኪናው ወደ ግቢው ገባ፤ ጎማው ክብ ነበር። ሙሽራዋ ወረደች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷን ዝቅ ያደረገች ልጅ። ለጥቂት ጊዜ አልተናገሩም።

«ይህ በጎንና በጎኑ ያለው ጥቁር ምንድን ነው?» አሉኝ በኋላ።

«ባዶ ነው እትዬ። እዚያ ቦታ ላይ የተቀረጸ ነገር የለም።»

«ልጄ ስክሪኑ ካልሞላ ይለኛል። የሚሞላበት መንገድ የለውም?»

«አለው» አልኳቸው። «ከላይና ከታች ከቆረጥነው ይሞላል። ከቁመቱ ሩቡ ግን ይሄዳል።» ቆርጬ አሳየኋቸው። ሙሽሮቹ ደረጃው ላይ ቆመው ሽማግሌዎች ሲመርቁ የተቀረጸው ክፍል ነበር። ከሙሽራዋ ኋላ ከፍ ብለው የቆሙ አንድ ቄስ ነበሩ። ምስሉ ሲቆረጥ ጥምጥማቸው ከእነ ግንባራቸው ጠፋ፤ የቀረው ጢማቸውና መስቀል የያዘው እጃቸው ነው።

«አባቴ ናቸው» አሉ እናትየዋ። «ከሠርጌ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆዩም።»

ወደ ቀድሞው መለስኩት። ጥምጥሙ ተመለሰ።

«ጥቁሩን ተወው» አሉኝ።